ሰባተኛው በር ላይ ምን ያደርጋል? ብዙ ቦታ ለሚዞር ሹፌር የመንገድ መተግበሪያ አመራረጥ

ጠዋት ላይ ጎበዝ ያልሆነ የመንገድ መተግበሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም። አድራሻዎቹን ታስገባላችሁ፣ አንድ ቁልፍ ትነካላችሁ፣ በካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ቁጥሮቹም ከአንድ እስከ አሥራ አራት ተሰድረው ይቆማሉ። ደስ ይላል። ጉዱ የሚታየው ሰባተኛው በር ላይ ነው።

እኔ ቤት ለቤትና ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ የውሃ ማጣሪያ የምገጥም፣ የገጠምኩትም ሲያረጅ የምቀይር ባለሙያ ነኝ። የምዞረው በትንሽ ቫን ነው። በአዘቦት ቀን አሥራ አራት ደንበኛ አዳርሳለሁ፤ ሥራ ሲበዛ ሃያ ሁለት ይሞላል። ለብዙ ዓመታት መንገዴን የማቅደው በማስታወሻ ደብተር ነበር። ማታ ስሞቹን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ቀስት እስላለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ግማሹን እሰርዛለሁ። ከዚያ ወዲህ ስድስት መተግበሪያ ሞክሬ አራቱን አጥፍቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስድስቱን ከመጫኔ በፊት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እወድ የነበረውን ነው። ዋናው ነገር አንድ ነው፤ መተግበሪያውን በጠዋት ሥራው አትመዝኑት፣ በቀትር ሥራው መዝኑት።

መጀመሪያ የራሳችሁን ቀን ቁጠሩ

ምንም ነገር ከማውረዳችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በቀን ስንት ቦታ ትቆማላችሁ? በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? ከደንበኞቻችሁ ስንቱ ሰዓት ቆርጠው ይጠብቋችኋል? ጠዋት ከወጣው ዕቅድስ ቀኑ ሳይመሽ ስንቱ ይፈርሳል? ይህን ሳደርግ የገረመኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ከአሥራ አራቱ ደንበኞቼ አራቱ ባለ ቀጠሮ መሆናቸውን አውቅ ነበር። በየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ደንበኛ ከተራው የሚፈናቀል መሆኑን ግን፣ ያን ሁሉ ዘመን ስበሳጭበት ኖሬ፣ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

የምትደርሱባቸው ቦታዎች ጥቂት ከሆኑና ተራውንም በልባችሁ የምታውቁት ከሆነ ፍለጋውን እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ተራ የካርታ መተግበሪያ ይበቃችኋል። ጉግል ማፕስ በአንድ ጉዞ ላይ እስከ 9 መዳረሻ እንድትጨምሩ ይፈቅዳል፤ አፕል ማፕስ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አይኦኤስ 16 ጀምሮ እስከ 15 ይይዛል። በሁለቱም ላይ መዳረሻዎቹን በጣት እየጎተታችሁ ማቀያየር ይቻላል። ተራውን ግን ራሳቸው አያወጡላችሁም፤ ባስገባችሁበት ቅደም ተከተል ይነዷችኋል። ሦስተኛውን ደንበኛ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ብታስገቡት ምንም ሳያንገራግሩ ወዲያኛው ጫፍ ወስደው ይመልሷችኋል።

መንገድ ማሳየትና ተራ ማውጣት

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አንድ አድርጌ ሳያቸው ኖሬያለሁ። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው የሚወስደውን አጭር መንገድ መፈለግ ለኮምፒውተር ከቀለለ ቆይቷል። የኔዘርላንዱ ተወላጅ ኤድስኸር ዳይክስትራ ለዚሁ የሚሆን ስሌት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ብዙ ቦታዎችን በየትኛው ተራ እንዙር የሚለው ግን ሌላ ጣጣ ነው። አምስት ደንበኛ ካላችሁ ተራውን በ120 ዓይነት መደርደር ይቻላል። አሥር ሲሆኑ 3,628,800 ይደርሳል። የእኔ አሥራ አራት ደንበኞች 87,178,291,200 አደራደር አላቸው፤ ሃያ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ቁጥሩን ለመጻፍ ብቻ ሃያ ሁለት አኃዝ ያስፈልጋል። በእርሳስና በደብተር ስታገል የነበረው ከዚህ ጋር መሆኑን ሳውቅ ለራሴ አዘንኩ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ዳንዚግ፣ ፉልከርሰንና ጆንሰን የተባሉ ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት በአሜሪካ 49 ከተሞችን የሚያዳርሰውን አጭሩን ዙር አገኙ፤ በዘመኑ ትልቅ ድል ነበር። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው መተግበሪያ ያን ያህል አይራቀቅም፣ መራቀቅም አይጠበቅበትም። ደህና የሚመስል ተራ ይዞ ይነሳል፣ ሁለት ሦስት መዳረሻ ያቀያይራል፣ ዙሩ ካጠረ ይይዘዋል፣ ካልሆነ ይተወዋል፤ እንዲህ እያለ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጥሩ ግምት ያቀርብላችኋል። ስለዚህ ሁለት መተግበሪያዎች ለአንድ ዝርዝር የተለያየ ተራ ቢያወጡ አትደንግጡ። ልዩነቱ የአምስት ደቂቃ ከሆነ ልዩነት አይባልም። እኔ በአምስት ደቂቃ ምክንያት መተግበሪያ ለመቀየር ሦስት ቀን ያባከንኩ ሰው ነኝ።

ሮድ ዋሪየር፣ ሩት ፎር ሚና ኦፕቲሞሩት ተራ ከሚያወጡት መካከል ናቸው። ነፃው አገልግሎት ስንት መዳረሻ እንደሚፈቅድ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከማውረዳችሁ በፊት የራሳቸውን ገጽ እዩ። ከዚያ የሚከተለውን ፈተና ስጧቸው። የምታውቁት ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ ወይም መሻገሪያው ሩቅ የሆነ ሰፊ አውራ ጎዳና ፈልጉ። ከወዲህ ማዶ ሦስት አድራሻ፣ ከወዲያ ማዶ ሦስት አድራሻ ምረጡ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የሚተያዩ ይሁኑ። ስድስቱንም አቀላቅላችሁ አስገቡና ተራ አውጣ በሉት። የመንገዱን ርቀት የሚያሰላ መተግበሪያ የወዲህ ማዶዎቹን ጨርሶ አንዴ ይሻገራል። ከወዲህ ወደ ወዲያ፣ ከወዲያ ወደ ወዲህ የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ግን የሚለካው በአየር መስመር ነው። ለወፍ ጥሩ ዕቅድ ነው፤ እናንተ ግን ድልድይ ትፈልጋላችሁ።

ነጥቡ የት ላይ ይወድቃል?

አንድ ቀን ስልኬ «ደርሰዋል» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ፊቴ የተገተረው የግንብ አጥር ነው። ደንበኛዬ በስልክ፣ «ወንድሜ፣ መኪናህን እኮ እያየሁት ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ መስኮቱ ላይ ነኝ» ትለኛለች፤ ደግሞም እጇን እያወዛወዘች ነው። እኔም አወዛወዝኩላት። በመካከላችን አጥር አለ፣ ከአጥሩ ሥር ቦይ አለ፤ መግቢያው በዚያኛው መንገድ ነው። ዞሬ ለመድረስ 20 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ስደርስ ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። መተግበሪያው የጻፋችሁለትን አድራሻ ወደ ካርታ ነጥብ ይለውጠዋል። ቤቱ በመረጃው ውስጥ በትክክል ከሌለ በመንገዱ ላይ ከሚያውቃቸው ቁጥሮች ተነስቶ ይገምታል፤ ወይም ነጥቡን ከግቢው መሐል ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያም ለነጥቡ ቅርብ ወደሆነው መንገድ ይነዳችኋል። ቅርቡ መንገድ በስተኋላ ያለው ከሆነ ከአጥር ጋር ትተያያላችሁ።

ስለዚህ በሙከራው ጊዜ የምታውቁትን አስቸጋሪ አድራሻ አስገቡ፤ ቀላሉን ሁሉም ያገኘዋል። ነጥቡን በጣት ጎትቶ በሩ ላይ ማሳረፍ ይቻላል? ከጎተታችሁት በኋላስ ያስታውሰዋል? ካጠፋኋቸው አንዱ ነጥቡን እንዳነሳ ይፈቅድልኝ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ደንበኛ ሳስገባ ግን ተመልሶ አጥሩ ሥር አቆመኝ። እንደ እኔ ወደ አንድ ደንበኛ ደጋግሞ ለሚሄድ ሰው የተስተካከለ ነጥብ ማስታወስ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። ነጥቡ አጠገብ ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ መኖሩንም እዩ። «በጓሮ በር ግባ፤ ውሻው ይታሰራል ቢሉህም አትመን» የሚል ማስታወሻ አለኝ፤ ሁለት ሱሪ አትርፎልኛል።

አድራሻ በማይጻፍበት ቦታ የካርታ ቁጥር፣ ማለትም ቦታውን የሚያሳዩት የኬክሮስና የኬንትሮስ ጥንድ ቁጥሮች፣ ይረዳል። ደንበኛው ቆሞ ካለበት በር ላይ ቁጥሩን እንዲልክላችሁ ጠይቁና መተግበሪያው ሳይንገዳገድ መቀበሉን ሞክሩ። ከነጥብ በኋላ አምስት አኃዝ ካለው ወደ 1.1 ሜትር የተጠጋ ትክክለኛነት ይኖረዋል፤ አራት ከሆነ ወደ 11 ሜትር፣ ሦስት ከሆነ ወደ 110 ሜትር ይሰፋል። ስልኩ ራሱ በጠራ ሰማይ ሥር ብዙውን ጊዜ በ5 ሜትር አካባቢ ውስጥ ቦታውን ያውቃል፤ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ሲገባ ይዋዥቃል። ስለዚህ ከአምስት አኃዝ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም። የቁጥሮቹ ተራ ግን ያስጨንቃል። የኬክሮሱ ቁጥር ይቀድማል፣ የኬንትሮሱ ይከተላል፤ አንዳንድ መተግበሪያ ደግሞ ከሰንጠረዥ ሲያነብ ገልብጦ ይወስደዋል። መዳረሻችሁ ሌላ አህጉር ላይ ወይም ባሕር መሐል ካረፈ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ቁጥሩ ረዘመብን የሚሉ ፕላስ ኮድ የተባለውን መጠቀም ይችላሉ፤ አሥር ምልክት ያለው ኮድ ቢበዛ 14 ሜትር በ14 ሜትር የምታህል ቁራጭ መሬት ያሳያል። ለቤት በር ይበቃል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ላሉ አራት በሮች አይበቃም።

የምትቆሙበት ደቂቃ

የማጣሪያውን ውስጥ ዕቃ መቀየር 15 ደቂቃ ይፈጅብኛል። አዲስ መግጠም አንድ ሰዓት ነው፤ ቧንቧው ያረጀ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ብዙ መተግበሪያ ግን በዝምታ ለሁሉም ቦታ እኩል ደቂቃ ይሰጣል። የመጀመሪያው መተግበሪያዬ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አምስት ደቂቃ መድቦ ስለነበር አራተኛው በር ላይ ስደርስ የመድረሻ ሰዓቶቹ ሁሉ ከእውነት ርቀው ነበር። የሚያስቀው ነገር፣ ራሱ በየሰዓቱ «ዘግይተዋል» እያለ ይገስጸኝ ነበር።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መዳረሻ የራሱን ደቂቃ መስጠት ይቻል እንደሆነ ፈትሹ። የቀጠሮ ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከዚህ ሰዓት በፊት»፣ «ከዚህ ሰዓት በኋላ» እና «በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል» የሚሉትን ሦስቱንም መቀበል አለበት። ቀጠሮ ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግም እዩ። ሊደረስ የማይችል ቀጠሮ ሆን ብላችሁ ስጡት። ጥሩው መተግበሪያ «ይህ አይደረስም» ብሎ ቀይ ያበራል፤ መጥፎው ዝም ብሎ ተራ ያወጣና ደንበኛው ፊት ያዋርዳችኋል። ቀኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅም ጠይቁት። ቤታችሁ መጨረስ እየፈለጋችሁ ወደ መነሻችሁ የሚመልስ ዙር ካሰላ ተራው ከሥሩ የተበላሸ ነው።

ሰባተኛው በር

ሌላውን ብትዘሉት እንኳን ይህን አንብቡ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ስድስት ደንበኛ ጨርሼ ሰባተኛው በር ላይ ቆምኩ። ደወሉን ተጫንኩ፣ አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ስልክ ስደውል አንድ ወጣት አነሳ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ እናቴን ሐኪም ቤት ይዤ መጥቼ ነው። አመሻሽ ላይ ብትመጣልን?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይማርልህ፣ እመጣለሁ» ብዬ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ እየሞከርኩት የነበረው መተግበሪያ ለአንድ መዳረሻ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ «ተጠናቋል» እና «አልተሳካም»። አመሻሽ የሚባል ነገር አያውቅም። «አልተሳካም» ብዬ ሰረዝኩትና ደንበኛውን እንደ አዲስ መጨረሻ ላይ ጻፍኩት። ስልክ ቁጥሩ ከስረዛው ጋር ሄደ፤ «ማጣሪያው ከማጠቢያው ሥር ነው፣ ትልቁን መፍቻ ያዝ» የሚለው ማስታወሻዬም አብሮ ሄደ። ከዚያ ተራውን እንደገና ላውጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። የቀሩኝን ስምንቱን ደንበኞች ገለባበጣቸው። ከስምንት ሰዓት በፊት እደርሳለሁ ብዬ ቃል የገባሁለትን ቢሮ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ አስቀመጠው። እየሄድኩ ነው ብዬ ደውዬላቸው የነበሩትን አዛውንት ደግሞ ወደ አሥር ሰዓት ገፋቸው። ወደነበረበት ለመመለስ ፈለግኩ፤ መመለሻ የለም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጣቴ ስምንት ስሞችን ወደላይና ወደታች ሲጎትት 18 ደቂቃ አለፈ። የዚያን ቀን ማታ መተግበሪያውን አጠፋሁት።

አሁን የምጠቀምበት ላይ ያው ነገር ሲገጥመኝ መዳረሻውን ተጭኜ እይዛለሁ፣ «ከዚህ ሰዓት በኋላ» የሚለውን እመርጣለሁ፣ ሰዓቱን አስገባለሁ፣ አጸድቃለሁ። አራት ንክኪ ነው። ተራቸው እንዳይቀየር የቆለፍኳቸውን ደንበኞች ሳይነካ የቀሩትን ብቻ ያስተካክላል፤ ከማጽደቄ በፊትም ቀኔ በስንት ደቂቃ እንደሚረዝም ያሳየኛል። ስሙን አልጠራም፤ እነዚህ መተግበሪያዎች በየወሩ ስለሚለዋወጡ ስሙን ከማወቅ ፈተናውን ማወቅ ይሻላችኋል።

ፈተናውን ቤት ተቀምጣችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። የአንድ ቀን ዝርዝር አስገቡ፣ ተራ አስወጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት «ተጠናቋል» በሉ። አሁን ሰባተኛውን ወደ አመሻሽ አዛውሩት። ማስታወሻውና ስልክ ቁጥሩ አብረውት መዛወራቸውን እዩ። ቀጥላችሁ አዲስ ደንበኛ ደወለ እንበል፤ በመካከል ጨምሩትና መተግበሪያው የት እንደሚሰካው ተመልከቱ። ከመጨረሻው ላይ ለጥፎ ዝም ካለ አልረዳችሁም። ሁለት ደንበኞችን በያሉበት ቆልፉና እንደገና ተራ አስወጡት፤ የተቆለፉት ንቅንቅ ማለት የለባቸውም። የተጠናቀቁትን ስድስቱንም እንደገና ቆጥሮ ወደ ኋላ እንዳይመልሳችሁ። በመጨረሻም ያደረጋችሁትን ሁሉ ለመሻር ሞክሩ። በእያንዳንዱ እርምጃ ስንት ጊዜ ስክሪኑን እንደነካችሁ ቁጠሩና ጻፉ። ወንበር ላይ ሆናችሁ አሥራ አምስት ንክኪ የፈጀ ነገር ዝናብ እየዘነበ፣ ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋባችሁ አይሠራም።

ይህን ሁሉ መኪና ቆሞ ብቻ እንድታደርጉት መናገር ያለብኝ አይመስለኝም፤ ግን ተናገርኩት።

መሪው ከተያዘ በኋላ

አብዛኞቹ ተራ የሚያወጡ መተግበሪያዎች መንገዱን በድምፅ የመምራቱን ሥራ ለጉግል ማፕስ ወይም ለዌዝ ያስረክባሉ። ርክክቡ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ እዩ፤ አንዱን ደንበኛ ጨርሳችሁ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ሁለት መተግበሪያ መክፈትና መዝጋት ካለባችሁ በቀን አሥራ አራት ጊዜ ትደጋግሙታላችሁ። የምትነዱት ረጅም ወይም ከባድ መኪና ከሆነ ደግሞ ለተራ መኪና የተሠራ መንገድ መሪ መተግበሪያ ዝቅተኛ ድልድይ ሥር ሊከታችሁ ስለሚችል የመኪና ቁመትና ክብደት የሚቀበለውን ብቻ ምረጡ።

አንድ ነገር ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ ደንበኛው በመንገዱ በየትኛው በኩል እንዳለ። ዩፒኤስ የተባለው የዕቃ አድራሽ ኩባንያ ተሽከርካሪዎች በቀኝ በሚነዱበት አገር ሹፌሮቹ በተቻለ መጠን ወደ ግራ እንዳይታጠፉ አድርጎ መንገዳቸውን ያቅዳል፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሁሉ አሳልፎ መታጠፍ ጊዜና ነዳጅ ይበላልና። እኔም ከባድ የመፍቻ ሣጥን ተሸክሜ ሰፊ መንገድ ከማቋርጥ በደንበኛው በር በኩል ብቆም እመርጣለሁ። ይህን የሚያስችል ቅንብር ያለው መተግበሪያ ካገኛችሁ አንድ ነጥብ ጨምሩለት።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ተራ የማውጣቱ ስሌት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ስልካችሁ ላይ አይደለም፤ በኢንተርኔት ሄዶ በሌላ ኮምፒውተር ተሰልቶ ይመለሳል። እንግዲያው ተራውን ኔትወርክ ባለበት አስወጡና ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሁነታ ቀይሩት፤ መተግበሪያውን ዘግታችሁ ክፈቱት። ዝርዝሩ፣ ማስታወሻውና ስልክ ቁጥሩ አሁንም አሉ? አንዱ መተግበሪያ ይህን ሳደርግ ነጭ ገጽ አሳየኝ።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ይጠቅሟችኋል። ሁለቱም ካርታውን ሙሉ በሙሉ ስልክ ላይ ያወርዳሉ፤ መረጃቸውን የሚያገኙት እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ኦስምአንድ መካከለኛ መዳረሻዎችን ያለ ኢንተርኔት አቃርቦ መደርደርም ይችላል። ያለ ኢንተርኔት ግን የትኛው መንገድ እንደተጨናነቀ የሚነግራችሁ የለም።

ባትሪው ከዚህ አይለይም። ጂፒኤስና የበራ ስክሪን ቀኑን ሙሉ አብረው ሲሠሩ ስልኩ ይግላል፤ ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ስታርፍበት ይብሳል። አፕል አይፎን እንዲሠራ የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ ነው፤ የቆመ መኪና ውስጥ ይህ በቶሎ ይታለፋል። የስልክ መያዣውን ከመስታወቱ ሥር አንስቼ የአየር ማቀዝቀዣው በሚነፍስበት ቦታ ከሰቀልኩት ወዲህ ስክሪኑ ቀትር ላይ መደብዘዙን አቆመ። መተግበሪያው ጥፋተኛ ይመስለኝ ነበር፤ በሐሜት በድዬዋለሁ።

የደንበኞች አድራሻና ኪሳችሁ

የምታስገቡት የሰዎች ቤት፣ ስልክና ቤታቸው ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ዝርዝሩን ማጥፋት መቻላችሁን፣ በሰንጠረዥ መልክ ማውጣት መቻላችሁንም አረጋግጡ። ማውጣት ካልተቻለ ከሁለት ዓመት በኋላ የተስተካከሉ ነጥቦቻችሁ ሁሉ ታግተው ይቀራሉ። ቦታችሁን የማየት ፈቃድ ሲጠይቅም መጀመሪያ «ስጠቀምበት ብቻ» የሚለውን ስጡት፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

የክፍያውን ነገር በራሳችሁ ወረቀት ላይ መልሱት። ሁለት መተግበሪያ ብቻ ምረጡ፤ ስድስት አትሞክሩ። ባለፈው ሳምንት በደብተር ወይም በልማድ የነዳችሁትን አንድ ቀን ውሰዱ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ስንት እንደነበረና ስንት ሰዓት ቤት እንደገባችሁ የምታውቁት ቀን ይሁን። ያንኑ ዝርዝር ለሁለቱም ስጡና ያወጡትን ኪሎ ሜትር አነጻጽሩ። ከዚያ በሙከራው ጊዜ አንዱን ለሦስት ቀን፣ ሌላውን ለሦስት ቀን ተጠቀሙ። በየማታው ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁና መኪና አቁማችሁ ስልክ በመነካካት ስንት ደቂቃ እንዳጠፋችሁ። ሁለተኛውን ቁጥር ማንም አይጽፍም። እኔ መጻፍ ስጀምር፣ በኪሎ ሜትር የተሻለ የነበረው መተግበሪያ በቀን 40 ደቂቃ በመነካካት ብቻ ይበላብኝ እንደነበር አየሁ፤ የተረፈው መንገድ ደግሞ ስድስት ኪሎ ሜትር ነበር።

የተሸነፈውን ስታጠፉ አንድ ነገር አትርሱ። መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት ወርሃዊ ክፍያውን አያቋርጠውም። በጉግል ፕሌይ ወይም በአፕ ስቶር ውስጥ ወደ ደንበኝነት ምዝገባዎች ገብታችሁ መጀመሪያ ሰርዙ፣ ከዚያ አጥፉ። በአፕ ስቶር በኩል ነፃ ሙከራ የጀመራችሁ ከሆነ ሙከራው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድማችሁ ሰርዙ። እኔ ያን ማክሰኞ ያጠፋሁት መተግበሪያ ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ሒሳቡን ሲወስድ ቆይቷል።